ቀጣዩን ኮርድ የሚያውቀው ማነው? ስለ ቤዝ ጊታር፣ ስለ ጆሯችንና ስለ ቅኝት

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ቦንጋ ነበርኩ። ጥር በከፋም የሠርግ ወር ነው፤ ቡናው በአብዛኛው ተለቅሟል፣ ዝናቡ ጋብ ብሏል፣ የሰው እጅም ትንሽ ይፈታል። ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ሙዚቃውን የሚሠሩት ልጆች ሲለማመዱ ለማየት ሄድኩ። አንድ ኪቦርዲስት፣ ሁለት ድምፃውያን፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቤዝ ጊታር ታቅፎ የተቀመጠ የ19 ዓመት ልጅ። የቤዙ ገመድ አምፕሊፋየሩ ላይ አልተሰካም። ለምን ብዬ ስጠይቅ ኪቦርዲስቱ ያለ ምንም ክፋት «ቤዙን እኮ ግራ እጄ ይጫወተዋል» አለኝ። ልጁ ዝም አለ።

ልምምዱ ሲያልቅ ቡና ልንጠጣ ወጣን። ልጁ ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ጠብቆ፣ «ስለ ድምፅ ነው አሉ የምታጠናው። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ቤዝ፣ ኪቦርዱ የማይችለውን ምን ማድረግ ይችላል? ምንም ከሌለ ልሸጠው ነው» አለኝ። ጅማ ላይ ገዢ አግኝቶ ነበር።

የማጠናው ሲግናል ፕሮሰሲንግ ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር ግን ለሦስት ዓመት ቤዝ ተጫውቻለሁ፤ በደንብ ነው ባልልም። ስለዚህ ጥያቄው የኔም ጥያቄ ነበር። በእነዚያ ሁለት ቀናት የተነጋገርነውን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ። ጊታር ባይኖራችሁም ስልክና ጆሮ ካላችሁ አብዛኛውን መሞከር ትችላላችሁ።

ማሽኑ የሚያውቀውና የማያውቀው

በየሠርጉ የምናየው ኪቦርድ «ስታይል» የሚባል ነገር አለው። ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ሦስት ቁልፎች ሲጫን፣ ውስጡ ያለው ፕሮግራም የትኛው ኮርድ እንደሆነ ይለያል። ከዚያ አስቀድሞ የተቀመጠለትን የከበሮና የቤዝ ቅንብር ወደዚያ ኮርድ አዛውሮ ያጫውታል። ኮርድ ማለት አብረው የሚሰሙ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ኖታዎች ናቸው፤ ኮርዱ ስሙን ያገኘበትን ኖታ ሙዚቀኞች «ሩት» ይሉታል። የማሽኑ ቤዝ ብዙ ጊዜ በሩቱ ዙሪያ ይሽከረከራል።

ኢንጂነሮች እንዲህ ያለውን ነገር «ኮዛል ሲስተም» እንለዋለን። ውጤቱ የሚወሰነው ባለፈውና አሁን በገባለት ነገር ብቻ ነው፤ ወደፊት የሚገባውን አያይም። ኪቦርዱ ኤ ማይነርን ሲጫወት ቀጥሎ ኤፍ እንደሚመጣ አያውቅም። ከየት ያውቃል? ገና አልተጫነማ! ኤፍ ሲጫን ያኔ ወደ ኤፍ ይዘላል። ቤዝ ተጫዋቹ ግን ዘፈኑን ያውቀዋል። ገና ኤ ማይነር ላይ ቆሞ ወደ ኤፍ የሚወስደውን መንገድ መጀመር ይችላል። አሰልቺ ቤዝ ላይንና ሕይወት ያለው ቤዝ ላይን በዋናነት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ኖታ መጫወት ወይም መፍጠን ሁለተኛ ነገር ነው።

(ኪቦርዲስቱ ስታይሉን አጥፍቶ በግራ እጁ ጣቶች ራሱ ቤዙን ቢጫወት ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ የሚጫወተው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ዘፈኑን ያውቃል። ችግሩ ያን የሚያደርግ ብዙ አለመኖሩ ነው፤ ቀኝ እጁ ሥራ በዝቶበታል።)

ታች ያለው ኖታ ስም ያወጣል

መንገዱን ከማየታችን በፊት ቤዝ ለምን ይህን ያህል ሥልጣን እንዳለው እንይ። ፊደሎቹን ለማታውቁ፦ ሲ ስል ዶ ማለቴ ነው፤ ከዚያ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ እያለ ይቀጥላል።

የፒያኖ አፕ ስልካችሁ ላይ ክፈቱና መሃል አካባቢ ሲ፣ ኢ እና ጂን አንድ ላይ ተጫኑ። ሲ ሜጀር ነው። አሁን እነዚህን ሦስቱን ሳትለቁ ጓደኛችሁ ታች ሲን ይጫን፤ ሁሉም ነገር ቤቱ የገባ ይመስላል። ታች ያለውን ወደ ኤ ይቀይር፤ ላይ ያለው ጣታችሁ ሳይነቃነቅ ኮርዱ ኤ ማይነር ሰባት ሆነ፣ ስሜቱም ጠቆር አለ። ወደ ኤፍ ይቀይር፤ አሁንም ሌላ ቀለም። ሦስት ኖታ ላይ፣ አንድ ኖታ ታች፤ ስሙን ያወጣው ግን ታችኛው ነው።

ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። አንድ የጊታር ክር ሲመታ በአንድ ፍጥነት ብቻ አይርገበገብም። በሰከንድ 65.4 ጊዜ የሚርገበገበው ዝቅተኛው ሲ፣ በዚያው ጊዜ በ130.8፣ በ196.2፣ በ261.6፣ በ327 እና በ392.4 ኸርዝም ይርገበገባል፤ የራሱ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 6 እጥፍ ማለት ነው። እነዚህ ሃርሞኒክ ይባላሉ። እናንተ የተጫናችኋቸው ሲ፣ ኢ እና ጂ ደግሞ 261.6፣ 329.6 እና 392 ኸርዝ ናቸው። ተመልከቱት፤ ከታችኛው ሲ 4ኛ፣ 5ኛና 6ኛ ሃርሞኒክ ጋር ገጠሙ ማለት ይቻላል። ጆሯችን ሦስቱን የአንድ ትልቅ ድምፅ ልጆች አድርጎ ይቀበላቸዋል። ታች ያለው 55 ኸርዝ የሆነው ኤ ሲሆን ግን ኢ ብቻ ነው የሚገጥመው፤ 6 ጊዜ 55፣ 330 ይሆናል። ሲ እና ጂ የትም እጥፍ ላይ አያርፉም። ለዚያ ነው ያው ኮርድ ድንገት ያልረጋ የሚመስለው።

ልጁ ይህን ስነግረው የጠየቀው ጥያቄ ጥሩ ነበር። «ታዲያ በስልክ ስሰማ ቤዝ የለም፤ ኮርዱ ግን ይገባኛል። እንዴት?»

የስልክ ስፒከር በጣም ትንሽ ስለሆነ የቤዝ ጊታርን ወፍራሙን ክር፣ 41.2 ኸርዙን ኢ፣ በደንብ ሊያሰማ አይችልም። ግን ሃርሞኒኮቹን፣ እነ 206፣ 247 እና 288ን፣ ያሰማል። አንጎላችን በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሁልጊዜ 41 አካባቢ መሆኑን ያስተውልና የጎደለውን ታችኛ ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። ስፒከሩ ያላወጣውን ድምፅ ነው የምትሰሙት! በገናም ከዚህ ጋር ዘመድ የሆነ ዘዴ አለው። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገቡት ትናንሽ ቆዳዎች ያንን ዝዝ የሚል ድምፅ የሚፈጥሩት ከፍ ያሉትን ሃርሞኒኮች በማጉላት ነው፤ ያለ ማጉያ ወፍራሙ ድምፅ ከክፍሉ ጥግ እስከ ጥግ የሚደርሰውም በእነሱ እርዳታ ነው። ለቤዝ ተጫዋች ትርጉሙ ግልጽ ነው። የቶን ቁልፉን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት። ሠርግ ቤት ያለው ስፒከር ከስልኩ ቢሻልም ተአምር አይደለም።

ታች ላይ ሁለት ሰው አይቀመጥም

ብዙ ጀማሪ ቤዝ ሲሰለቸው በአንድ ጊዜ ሁለት ክር መምታት ይጀምራል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ድምፁ እንደ ደፈረሰ ውሃ ነበር። ሲ እና ኢ መሃል ላይ ሲሰሙ በመካከላቸው 68 ኸርዝ ልዩነት አለ። እነዚያኑ ሁለት ኖታዎች ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ብታደርጓቸው ልዩነቱ 17 ኸርዝ ብቻ ይሆናል። ውስጠኛው ጆሯችን ድምፅን የሚለየው በወንፊቶች ነው ብላችሁ አስቡት፤ በዝቅተኛው ክልል የአንዱ ወንፊት ስፋት ወደ 100 ኸርዝ ይጠጋል። ሁለቱ ኖታዎች አንድ ወንፊት ውስጥ ይወድቁና እየተፋጩ ይንኮሻኮሻሉ። ስለዚህ ታች ላይ ኖታዎቹን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ፣ አንዱን ከሌላው አስከትላችሁ ተጫወቱ።

ፍጥነትም ገደብ አለው። በሰከንድ አራት ኖታ ብትጫወቱ ወፍራሙ ኢ በእያንዳንዱ ኖታ ውስጥ የሚርገበገበው ወደ 10 ጊዜ ነው፤ ቀጭኑ ጂ ክር፣ 98 ኸርዙ፣ ወደ 24 ጊዜ። ጆሮ ኖታውን ለመለየት በቂ ዙር ይፈልጋል። ፈጣን ጌጥ ካማራችሁ ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች ውጡ፤ ወፍራሞቹ ላይ ረጋ በሉ።

መንገድ መሥራት

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር። አራት ኮርድ ውሰዱ፦ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ። እያንዳንዳቸው አራት ምት አላቸው። ስታይሉ ቢሆን አራት ጊዜ ኤ፣ አራት ጊዜ ኤፍ እያለ ይቀጥላል። ልክ ነው፤ ስህተት የለበትም። አሰልቺ ነው እንጂ።

አንድ ሕግ ብቻ ጠብቁ፤ ኮርዱ በተቀየረ ቁጥር የመጀመሪያው ምት ላይ ሩቱን ምቱ። የተቀሩት ሦስት ምቶች የእናንተ ናቸው፤ በተለይ አራተኛው። አራተኛው ምት ላይ የሚቀመጠው ኖታ ለቀጣዩ ሩት ጎረቤት ይሁን፤ ግማሽ ድምፅ ወይም አንድ ሙሉ ድምፅ ከላይ ወይም ከታች። ጊታር ላይ አንድ ወይም ሁለት ፍሬት ማለት ነው። ለምሳሌ፦

ኤ፣ ሲ፣ ኤ፣ ኢ፤ ኢ ከኤፍ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስለሚል ይገፋል።
ኤፍ፣ ሲ፣ ኤ፣ ቢ፤ ቢ ወደ ሲ ያስገባል።
ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ሻርፕ፤ ደረጃ በደረጃ ወደ ጂ።
ጂ፣ ቢ፣ ኤ፣ ጂ ሻርፕ፤ ተመልሶ ወደ ኤ።

ቀስ ብላችሁ ተጫወቱት። ኤፍ ሻርፕና ጂ ሻርፕ በዚያ ሰዓት ከሚሰማው ኮርድ ውስጥ የሉም። ብቻቸውን ቢቆዩ ጆሮ ያማሉ። ግን በደካማው ምት ላይ፣ ለአንድ ምት ብቻ፣ ፊታቸውን ወደ ቀጣዩ ኮርድ አዙረው ስለሚያልፉ ሰሚው ስህተት ሳይሆን ጉጉት ይሰማዋል። ኪቦርዱ ይህን አራተኛ ምት መሥራት የማይችለው ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማያውቅ ነው።

ሁለተኛ ዘዴ፤ ሩቱን ራሱን መተው። ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኢ ማይነር፣ ኤፍ የሚል የኮርድ ቅደም ተከተል ሩቶቹን ብቻ ከተከተላችሁ እንደ ፌንጣ ያዘልላችኋል። በጂ ኮርድ ላይ ቢን፣ በኢ ማይነር ላይ ጂን ብትመቱስ? ሁለቱም ከየኮርዳቸው ውስጥ ያሉ ኖታዎች ናቸው። ቤዙ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኤፍ እያለ ደረጃ ይወርዳል። ኮርዱ አልተቀየረም፤ ታች ግን አንድ ዜማ ተወለደ። ይህ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ያለ ልክ አትጠቀሙበት ግን፤ ሩቱ ለረጅም ጊዜ ካልተመታ ዘፈኑ የሚያርፍበት ያጣል።

«የኛ ዘፈን እንዲህ አይደለም»

ልጁ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ያዘውና ፊቱ ግን አልፈካም። «ይሄ የፈረንጅ ነው። የኛ ዘፈን እንዲህ ኮርድ አይቀያይርም» አለኝ። ልክ ነበር፤ ማታ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ።

በአምስት ድምፅ ቅኝት ውስጥ ስንት ሙሉ ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ አለ? ከሲ ጀምሩ። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ከእነዚህ ብቻ የሚሠሩት ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ናቸው፤ ሌላ የለም። ትዝታ ማይነር ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፤ ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ሜጀር ይወጡታል። ባቲ ማይነር ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፤ ሲ ማይነርና ኢ ፍላት ሜጀር። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፤ ዲ ፍላት ሜጀርና ኤፍ ማይነር። በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት! አምባሰልማ ከራሱ ከመነሻው ኖታ፣ ከሲ፣ የሚነሳ ሜጀርም ማይነርም የለውም።

ደግሞ ጥንዶቹን አስተያዩአቸው። ሲ ሜጀር ሲ፣ ኢ፣ ጂ ነው፤ ኤ ማይነር ኤ፣ ሲ፣ ኢ። ከሦስቱ ኖታ ሁለቱ የጋራ ናቸው። በአራቱም ጥንዶች ላይ እንዲሁ ነው፤ የሚቀየረው አንድ ኖታ ብቻ። ስለዚህ በቅኝት ዘፈን ውስጥ ኮርድ ሲቀየር ላይ ያሉት ድምፆች ብዙም አይነግሯችሁም። መቀየሩን የሚያሳውቀው ቤዝ ነው። «ኮርድ አይቀያይርም» የሚባለው ዘፈን ውስጥ ቤዝ ተጫዋቹ ሥራ አጥ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

መንገዱስ? ቅኝቱ ራሱ አዘጋጅቶታል። በትዝታ ማይነር ከሲ ማይነር ወደ ኤ ፍላት ስትሄዱ ጂ በግማሽ ድምፅ ርቀት ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ከቅኝቱ መውጣት አያስፈልግም። በአምባሰል ዲ ፍላት ከላይ ወደ ሲ ይጫናል። በትዝታ ሜጀር ወደ ኤ የሚያስገባው ጂ ነው፤ ጂ ሻርፕን ብትጨምሩ ይገፋል፣ ግን ከቅኝቱ ውጪ ነው፣ ትልልቆቹ ሰዎችም ቀና ብለው ያይዋችኋል። እኔ ብሆን በአንድ ዘፈን አንዴ ብቻ፣ ያውም መጨረሻ አካባቢ።

አራቱ ቅኝቶች የሰሜኑ ሀገር ስያሜ መሆናቸውን አትርሱ። የካፊኖኖ ዘፈን ሲሆን መጀመሪያ ድምፃዊቷ የምትዘፍናቸውን ኖታዎች አንድ በአንድ ልቀሙ፣ በተርታ አስቀምጡ፣ ከዚያ ከእነሱ ምን ምን ኮርድ እንደሚወጣ ቁጠሩ። ዘፈኑን በስም አስገድዶ ትዝታ ውስጥ መክተት የኪቦርዱ ልማድ ነው።

ምቱም አለ። ችክችካ ስድስት ምት አለው፤ ሁለት ጊዜ ሦስት አድርጋችሁ 1 እና 4 ላይ መምታት ትችላላችሁ፣ ወይም ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጋችሁ 1፣ 3 እና 5 ላይ። ከበሮው አንደኛውን ሲይዝ ቤዙ ለጥቂት ዙር ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ሰው ትከሻው ሳይታዘዝ ይነቃነቃል። መሸጋገሪያዋ ኖታ ታዲያ 6 ላይ ትቀመጣለች።

ማንን እንስማ?

ይህን ሁሉ በኛ ሀገር ቀድመው የሠሩት አሉ። ከቦንጋ በጎጀብ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ የምታገኟት ጅማ እ.ኤ.አ. በ1943 ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደባት ከተማ ናት። ለንደንና ቦስተን ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ሲፈጥር የገጠመው ችግር በወረቀት ላይ ያየነው ነው፤ አምስት ኖታ ያለውን ቅኝት ከ12 ኖታ ኮርዶች ጋር ቅኝቱ ሳይጠፋ ማስማማት። የ1972ቱን «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» አልበም ስትሰሙ ዜማውን ተዉትና ታች ያለውን ብቻ ተከተሉ።

ከዚያ ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «እረ መላ መላ»ን ክፈቱ፤ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ ነበር። ቀጥሎ ዋሊያስ ባንድ በ1977 ያወጣውን «ቼ በለው»፤ እዚያ ቤዙ የመላኩ ገብሬ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፣ በስልኩ ስፒከር አይደለም። አንድ ጊዜ ሰምታችሁ ሁሉን ለመያዝ አትሞክሩ፤ አንድ ሽግግር ምረጡና ቤዙ ከመቀየሩ በፊት ባለው የመጨረሻ ምት ላይ ምን እንዳደረገ ብቻ ፈልጉ። በባህል ቤቶች የሚሰማው ቤዝ ክራርም በዚህ ጆሮ ሲሰማ ሌላ ነው።

የሠርጉ ቀን

ኪቦርዲስቱ መጀመሪያ አመነታ። ስታይሉ ውስጥ ከበሮውን ትቶ ቤዙን ብቻ መዝጋት እንደሚቻል ሳሳየው «ሦስት ዘፈን ይሞክር» አለ። ልጁ ገመዱን ሰካ።

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ተሳሳተ። ወደ ሁለተኛው ኮርድ መንገዱን ጀምሮ፣ አራተኛው ምት ላይ ገፍቶ፣ ሩቱ ላይ ሲያርፍ ድምፃዊቷ ሙሽሮቹ ስለተነሱ ያንኑ ስንኝ ደገመችው። ኮርዱ አልመጣም። ቤዙ ብቻውን ወዲያ ማዶ ቀረ። ኪቦርዱ በፍጹም የማይሠራው ዓይነት ስህተት ነው፤ የወደፊቱን የሚገምት ሲስተም ሁሉ ግን ይህ ዕዳ አለበት። ልጁ አንድ ምት ዝም አለ፣ ከዚያ በሁለት ኖታ ወደነበረበት ወርዶ ገባ። ከእሱና ከእኔ ሌላ ያስተዋለ አልመሰለኝም። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከድምፃዊቷ አፍ ላይ አልነቀለም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ያለ ችግር አለፉ። ከአራተኛው ጀምሮ ኪቦርዲስቱ ቤዙን መልሶ ከፈተው፤ ሌሎቹን ዘፈኖች አብረው አልተለማመዷቸውም ነበር። በሳምንቱ ልጁ ደወለልኝ። የጅማው ገዢ ጠይቆት ነበር፤ «እስከ ፋሲካ ጠብቀኝ» ብሎታል።